ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ የሺመቤት፤ መሐል ሜዳ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? አባባስ መተንፈሱ ይሻላቸዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ወንድሜ ፍስሃ ተበላሸ ብሎ ያመጣውን የአባባን የኦክስጅን ማሽን እኔው ራሴ ፈታሁት። መጀመሪያ ፋብሪካችን ውስጥ የገጠምኩትም እኔው ነበርኩ። አለቃችን አቶ መሐሪ ይህ ሲበላሽ ለደጋ ብርድ የማይሆን መስሏቸው፣ ለጤና ጣቢያዎች ሊላኩ የተዘጋጁትን አርባ ማሽኖች አስቁመው ነበር። አባባም «የአገር ውስጥ ዕቃ ሁለተኛ አፍንጫዬ አይደርስም» አሉ ብሎ ፍስሃ ነገረኝ። በእጄ የሠራሁት ነገር አባቴን አፈናቸው ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

ጀርባውን ስከፍተው ግን አየር የሚስብበት ማጣሪያ ላይ ነጭ የክር ብናኝ ተጠቅጥቋል። ፍስሃን ባፋጥጠው፣ አቧራ እንዳይነካው ብለሽ ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ማልበስሽን ነገረኝ። ወይ እማዬ፣ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ልጆች ሳለን ሬዲዮኑንም እንዲሁ ታለብሺው ነበር፤ የምትገልጪው ለዜና ብቻ ነበር፤ እኛ እንኳ እንደሱ አምሮብን የምንውለው ለዓመት በዓል ነው። ያ ቤት እንዴት እንደናፈቀኝ ልነግርሽ አልችልም።

ማሽኑ ግን ከክፍሉ አየር ስቦ ነው ኦክስጅን የሚያወጣው፤ ሲሸፈን ይታነቃል። አጽድቼዋለሁ፣ ደህና ሆኗል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አትሸፍኑ ብለን አልጻፍንም። ለአቶ መሐሪ ስነግራቸው፣ «የኔም እናት ፍሪጁን ያለብሳሉ» አሉኝ። አሁን በየማሽኑ ላይ «አይሸፈንም» የሚል በትልቁ እየለጠፍን ነው፤ አርባዎቹም ሊሄዱ ነው።

ሥራው ሰፍቷል እማዬ። ስጀምር ዘጠኝ ነበርን፤ ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከውጭ ለምትመጣ አንዲት ዕቃ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ስንመላለስ እንከርም ነበር። ዛሬ አብዛኛውን እዚሁ እንሠራዋለን፤ ሁለት ሰርቪስ ሙሉ ሰው ነን፤ አጠገባችን የጤፍ ማሳ የነበረው ላይ የግሉኮስ ቱቦ የሚያመርት ፋብሪካ ተከፍቷል። ደስ ይላል፣ ያ ትሪ ግን ይናፍቀኛል።

እትዬ ተናኜን፣ ጋሽ ተስፉንና ልጆቻቸውን በያሉበት ሳሚልኝ። ፍስሃን አመስግኚልኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ ማሽን ታቅፎ ተመላልሷል።

ስልክ እያለ ለምን ጻፈች እንዳትዪ። አባባ የሰፈሩን ሰው ደብዳቤ ሲያነቡ ገጹን ሳያርፉ ይጨርሱት ነበር፤ ባለፈው በስልክ «ልጄ፣ እንደምን ነሽ» እስኪሉኝ ሦስት ጊዜ ነው ያረፉት። ያንቺም ዓይን ለፊደል ስለማይሆን የሚያነቡልሽ እሳቸው ናቸውና፣ ፍስሃን መጀመሪያ ማሽኑን አስነስተህ ቱቦውን አድርግላቸው፣ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ስጣቸው ብዬዋለሁ።

አባባ፣ እዚህ ድረስ ሳያርፉ ካነበቡልኝ፣ እባክዎ ቱቦውን አያውልቁት።

ልጃችሁ ማዕዛ
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.