ባፓ ሳዋል እንዴት የጸጥታ ስጋት ሆኑ

ለክቡር ኮማንደር ኤልፒዲዮ ማግባኑዋ
በደቡብ ፊሊፒንስ የሊናዋን ደሴት ወደብ የጸጥታ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባሕሩ ሳያንገላታዎት፣ ሕሊናዎም ሳይጎረብጥዎት እንደሚያድሩ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚከተለውን ምስጋናና ቅሬታ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ለስጋት ግምገማ በመስጊዱ አዳራሽ ሰብስበውን፣ «በመንገደኞች ጀልባ ላይ ምን ያሰጋችኋል? ሳትፈሩ ንገሩኝ» ስላሉን እናመሰግናለን። ሁላችንም አቀርቅረን ሳለ አጎት ለማለት ሁላችንም «ባፓ» የምንላቸው ጎረቤቴ ሳዋል ተነሡ። ባለቤታቸውን ዳያንግን ለኩላሊት እጥበት በየሳምንቱ ወደ ከተማ የሚያሻግሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ እኛን በፊት በር እስከ ጫማችን ትፈትሹናላችሁ። በጓሮ በር ግን ካርቶኑ ሁሉ ሳይከፈት ይጫናል። አንዱ ውስጥ ቦምብ ቢኖርስ? እኔ እኮ ሚስቴን ይዤ ነው የምሳፈረው!» አሉ።

እርስዎም ትከሻቸውን አቅፈው፣ «አይዞዎት አባቴ፣ ስምዎ ከዚህ አዳራሽ አይወጣም» አሏቸው። አጨበጨብንልዎት። እኔማ እንባዬ መጣ።

2. ስማቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ወደብ ደርሶ ጠበቃቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ባልና ሚስቱ ሊሳፈሩ ሲቀርቡ ጠባቂው መንገድ ዘጋባቸው።

«ባፓ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ አይሳፈሩም። የጥበቃውን ክፍተት ያውቃሉ ተብለው በስጋትነት ተመዝግበዋል።»

«አውቄ ደበቅኩ እንዴ? ነገርኳችሁ እንጂ!»

ዳያንግ ቆማ መጠበቅ ስላልቻለች፣ ክንዷን ይዤ የተሳፈርኩት ከኋላቸው ተሰልፌ የነበርኩት እኔ ነኝ። ባፓ ሳዋል የእሷን ፎጣ እንደያዙ ወደቡ ላይ ቀሩ። እሷም መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ ደሴቱ አዙራ፣ «እሱ እኮ ኮማንደሩን አመነው፤ ከልቡ አመነው» ትል ነበር።

3. እገዳው እንዲነሣላቸው ቢሮዎ ድረስ መጥተን ስንለምን፣ «ጉዳዩ ምስጢር ነው» ብለው መለሱን። ምስጢር መጠበቅ እንደሚችሉ ያወቅነው ያን ዕለት ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የጓሮው በር ዛሬም ክፍት ነው፣ ባፓ ሳዋልም ዛሬም ታግደዋል። ከግምገማዎ በኋላ በር የተዘጋው እሳቸው ላይ ብቻ ነው።

በእርስዎ ጥበቃ ሥር በመዋሏ ዘወትር የምትሸማቀቅ፣
ኑርሚና አሳካል፣ የደሴቱ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ለሁለተኛው የስጋት ግምገማ ያስተላለፉት ጥሪ ደርሶናል። ደሴቱ ነቅሎ ይመጣል፤ የሚናገር ግን አያገኙም። ከእንግዲህ ወንበር ሥር ባለቤት የሌለው ሻንጣ ብናይ፣ ድምፃችንን አጥፍተን ሌላ ወንበር እንፈልጋለን።