በጣት የሚነበብ ድንጋይ

ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ናሙና ስቆርጥ ዋልኩ። የኖራ ድንጋይ፣ እብነ በረድ፣ ግራናይት። የወታደሮቹን የመቃብር ድንጋዮች በሙሉ ሊቀይሯቸው ነው። የድሮዎቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ዝናብ በልቷቸዋል። የሚሻለውን መርጬ በጽሑፍ እንዳቀርብ የመቃብሩ ኃላፊ ሻለቃው አዘዙኝ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼም እዚያው ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ። ለሻለቃው አልነገርኳቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?

ጥቅምት 7
ጻፍኩ። የኖራ ድንጋይ ለመሮ ይመቻል፣ ፊደል ጠልቆ ይገባበታል፤ ግን ቶሎ ያረጃል። እብነ በረድ መጀመሪያ ሙሽራ ይመስላል፣ ኋላ እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ግራናይት እኔንም ልጆቼንም ይቀብራል። ፊደሉ የማሽን ነው፤ ስስ፣ ግን ጥርት ያለ። ግራናይት ብዬ ፈረምኩ።

ጥቅምት 8
ዝናብ። ሥራ የለም።

ኅዳር 19
ተተክለው አለቁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት። አንዱ ካንዱ አይለይም። ጥሩ ሥራ ነው።

ኅዳር 22
እማዬ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣች። ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመቱ። ጎረቤቷ የመቃብሩ በር ላይ ታደርሳታለች፣ ከዚያ የጋሼን ስም በጣቷ ዳብሳ ነው የምታገኘው።
"ልጄን አጣሁት" አለች።
"እዚያው ነው እማዬ። የት ይሄዳል?"
"ሁሉም ልሙጥ ነው። የማንን ልጅ ስስም እንደዋልኩ እንጃ... እናቱ ካለች ትመርቀኝ።"
እሷ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ናሙናውን በዓይኔ እንጂ በጣቴ አላየሁትማ! የሃያ ዓመት ድንጋይ ጠራቢ። አፈርኩ።

ኅዳር 23
ለሻለቃው ሁሉንም ነገርኳቸው። የጋሼን ፊደል በመሮ ላጥልቀው ብዬ ለመንኩ።
"ያንዱን ካጠለቅን የሁሉም እናት ትመጣለች" አሉ።
"ትምጣ።"
አልፈቀዱም። ደንብ ነው... ገባኝ።

ኅዳር 29
እኔው ይዣት ሄድኩ። ሦስተኛውን ረድፍ ከረገጥኩ ስንት ዓመቴ ነው? አሥር? ድንጋዩ ፊት አቆምኳት።
"ይኸው።"
"በምን አምንሃለሁ? አንብብልኝ።"
ማዕረጉን አነበብኩና ቆምኩ። ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ታላቄ ነው፤ ጋሼ እንጂ ሌላ ብዬው አላውቅም። ሲሞትም፣ ከሞተም በኋላ። አፌ እምቢ አለ። እንደ ምንም ጠራሁት፣ ከነአባታችን ስም።
እማዬ እጇን ከድንጋዩ አንስታ ክንዴን ያዘች።
"እስከ ዛሬ የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ" አለች። "ድገመው።"
ደገምኩት።