አሥር ቀን ሐይቅ ዳር፣ አፓርታማ ቁጥር ሦስት

ጥቅምት 29 ቀን 1975፣ ሰኞ

ከጠዋት እስከ ምሳ መዝገብ ቤት፣ ፋይል። ከምሳ እስከ ማታ ስብሰባ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ... እንደ ሁልጊዜው። ሊያልቅ ሲል ሊቀመንበሩ ተነሳና "ጓድ አስረስ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዕረፍት ያልወጣ ታታሪ ሠራተኛ በመሆኑ" አለ። ተጨበጨበልኝ። ሽልማቱ አሥር ቀን ዕረፍት፤ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ የሠራተኞች ማረፊያ። "ሙሉ አፓርታማ፣ ከነሚስቱ!" ኪራዩም ከአንድ ጥብስ ዋጋ አይበልጥም ተባለ። የራሴን ሽልማት በቃለ ጉባኤ የመዘገብኩት እኔው ነኝ። "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ብዬ።

ማታ ለተሾመች ነገርኳት። ትፈነድቃለች ብዬ ነበር።

"መሄዱን እንሂድ" አለች፣ ሽንኩርቷን እየላጠች።

መሄዱን? ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 30፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ። ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀት፣ ደሴ ላይ እንደገና ብርድ። ተሾመች መስኮት መስኮቱን ስታይ ዋለች። እኔ ጋዜጣ አነበብኩላት፣ ጮክ ብዬ። አንብብልኝ አላለችም።

ኅዳር 1፣ ረቡዕ

ደረስን። ሐይቁ ቆንጆ ነው። ይህን በሐቅ እመሰክራለሁ። አፓርታማው ግን...

ቤቱ የአንድ ባለጸጋ ቪላ ነበር አሉ፤ በአዋጁ ተወርሶ ለሰፊው ሠራተኛ ተሰጠ። ሠራተኛው ሰፊ ስለሆነ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ለአራት ከፈሉት። የእኛ ቁጥር ሦስት ነው። ኮምፔንሳቶው ያረፈው ልክ የመስኮቱ መሐል ላይ። ግማሹ መስኮት የእኛ፣ ግማሹ የጎረቤት። እነሱ ሳይፈቅዱ አይከፈትም፣ እኛ ሳንፈቅድ አይዘጋም።

የቤቱ ጠባቂ ኑርዬ የሚባል ረጅም ሰውዬ ነው። "አፉ በሉን ጋሼ" አለኝ፣ ሻንጣውን እያወረደ። "መስኮቱ አንድ፣ ክፍሉ ሁለት ሆነብን። አብሽሩ፣ ሐይቁ አልተከፈለም።"

ጎረቤታችን አቶ አብተው የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው፣ ብቻቸውን። ተሾመች ስታነጥስ ከግድግዳው ማዶ "ይማርሽ!" አሉ። ተሾመች ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

ጠዋት የዕረፍት ፕሮግራም አወጣሁ። ከ1 እስከ 2 የእግር ጉዞ፣ ከ2 እስከ 3 ቁርስ፣ ከ3 እስከ 5 ውይይት። ሁለት ቅጂ። አንዱን በሩ ላይ ለጠፍኩት። ተሾመች አነበበችው። "ውይይት ከማን ጋር?" አለች። "ከአንቺ ጋር ነዋ!" ነጠላዋን ለብሳ ወደ ሐይቁ ወረደች። ውይይቱ ለነገ ተላለፈ።

ከሰዓት በኋላ ኑርዬ ወዳጃ ጠራን። አክስቱ እማማ ኡሙሰልማ ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ያደርጋሉ። ያገሩ ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰበሰባል፤ ሐጃ ያለው፣ ማለት የልቡ ጉዳይ ያለው፣ ይናገራል፤ እሳቸው ይለምኑለታል፤ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል። ስብሰባ መሆኑ ነው። በልቤ 'ፈቃድ አላቸው?' አልኩ። አፍሬ ዋጥኩት።

ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን፣ መሐሉ ላይ መጋረጃ። አንዱ ላሜ ታመመች አለ። አሚን። አንዷ ልጄ ከግንባር ደብዳቤ አልጻፈም አለች። አሚን... ይቺ ከብዳ ነበር የወጣችው። ቀጥሎ ተሾመች! ድምጿን ከመጋረጃው ማዶ ለየሁት፤ ግን ሐጃዋን በጆሯቸው ነው የነገረቻቸው፣ አልሰማሁም። እማማ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ "ያ ረቢ፣ የልቧን አንተ ታውቃለህ። ያሰበችውን በሰላም አድርስላት" አሉ።

"አሚን!" ብዬ ጮህኩ። ከሁሉ በላይ። ግራ እጄ ደግሞ ተጨብጣ ወደ ላይ ወጣች። የመፈክር ነገር፣ ለምዳ! ጠቅላላ ቤቱ ዞሮ አየኝ።

ኑርዬ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ለአሚን እጅ ይዘረጋል እንጂ አይጨበጥም" አለኝ።

ኅዳር 3፣ ዓርብ

የእግር ጉዞ፦ ተካሄደ። ቁርስ፦ ተካሄደ። ውይይት፦ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ምሳ ዓሣ በላን፣ ሐይቁ ዳር፣ በእጃችን። ተሾመች ለኑርዬ ስለ እህቷ ልጆች ታወራለታለች። ትንሿ እንዴት ቀሚሷን ይዛ እንደምትከተላት... ኑርዬ "እናንተስ ስንት አላችሁ?" አለ። እኔ ፈጠን ብዬ "እኛ ግድ የለንም፣ ሥራ ይበዛብናል" አልኩ። የምትጎርሰውን መልሳ አስቀመጠችው።

እንዲህ የምለው እንዳይከፋት ነው። ሁልጊዜም።

ኅዳር 6፣ ሰኞ



ክፍላችን ውስጥ ቁም ነገር አይወራም። አቶ አብተው ባይፈልጉም ይሰማሉ፤ ትናንት ጫማዬ ጠፋኝ ብል "አልጋው ሥር እየው ልጄ" ብለውኛል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ ወረድን። ሾላ ሥር ተቀመጥን። እኔ ቀልዴን ነው፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣

"ለመሆኑ ሐሙስ ዕለት ምን ብለሽ ነው ያስለመንሽው?" አልኳት።

"ይቅርብህ።"

"አሚን ያልኩበትን ጉዳይ የማወቅ መብት የለኝም?"

ውሃውን እያየች፣ "በሰላም እንድንለያይ" አለች። "ሳንካሰስ፣ ሳንሰዳደብ። አዲስ አበባ ስንገባ እህቴ ጋ ልሄድ ነው ያሰብኩት።"

...

"አንተም አሚን አልክ" አለች። "እጅህን ጨብጠህ።"

በስንት ስብሰባ ምን እንደተወሰነ ሳልሰማ አጨብጭቤያለሁ። ይሄኛው ግን የራሴ ቤት ነው።

ለምን? አልኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ዘጠኝ ዓመት ስለ ልጅ ባነሳሁ ቁጥር ግድ የለም ትላለህ። ሐኪም ቤት ሦስቴ ተቀጣጠርን። ሦስቴም ብቻዬን ወንበር ላይ ውዬ ተመለስኩ። እኔን መርምረው ምንም የለብሽም፣ ባልሽን አምጪ አሉኝ። ባልሽን አምጪ! ከየት ላምጣህ? አንተ ከእኔ ልጅ አትፈልግም፣ አስረስ። ገብቶኛል። አልቀየምህም።"

"ስብሰባ ስለነበረብኝ እኮ ነው" አልኩ። አዎ፣ ይህን አልኩ። እዚያው ሾላው ሥር።

ተነስታ ሄደች።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነብ የለም። ልጻፈው።

ስብሰባ አልነበረም። ሦስቱም ቀን። አንዱን ቀን ፒያሳ ስዞር ዋልኩ። አንዱን ቀን ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ ያለቀ ፋይል ደግሜ አሰርኩ። ሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሄጃለሁ። ዘበኛው "ግባ" ሲለኝ "ሰው እየጠበቅሁ ነው" ብዬ ተመለስኩ። የምትጠብቀኝ እሷ ነበረች፣ ውስጥ።

እሷ ምንም ከሌለባት የቀረው ማን ነው? ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ይህን ከሐኪም አፍ ላለመስማት ነው ዘጠኝ ዓመት "ግድ የለም" ያልኩት። ትልቅ ሰው፣ አስተዋይ ባል መስዬ! ፈሪ። ኮከብ ሠራተኛ ብለው ሸልመውኛል፤ ለፈሪነት ቢሸልሙ ኖሮ ዕረፍቱ ዓመት ይሆን ነበር።

ልጅ እፈልጋለሁ። እንዴት እንደምፈልግ... አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ከፊቴ ሲቀመጥ ጋዜጣዬን የማነሳው ለምን ሆነና።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ተሾመች ታናግረኛለች፣ በጨዋነት። "ውሃው ሞቋል።" "ቁልፉ ይኸው።" ይህ ነው የከፋው።

ነገ ሐሙስ ነው። ኑርዬን "እንግዳ ሰው ሁለተኛ መምጣት ይፈቀድለታል?" አልኩት። "ወላሂ ጋሼ፣ ሐጃ ካለህ እንግዳ አይደለህም" አለ።

በወረቀት ላዘጋጅ። ያለ ወረቀት ተናግሬ አላውቅም።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ሄድን። አቶ አብተውም ተሾመችም መጡ፤ እሷ ወደ ሴቶቹ ወገን ገባች። መጋረጃው ተዘረጋ።

ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። ኑርዬ ጃኬቴን ጎተተኝ፤ ተቀመጥኩ። ወረቀቴን አወጣሁ። ትናንት ሳዘጋጀው በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብዕሬ ግን በለመደችው ሄደች። "አንደኛ" ብዬ ጀመርኩ። "በአገራችን ሰላም እንዲሰፍን።" አሚን አሉ። "ሁለተኛ፣ ምርት እንዲያድግ።" አሚን፤ ገበሬዎቹ ይሄኛውን ከልባቸው ነው ያሉት። "ሦስተኛ፣ የሥራ ዲሲፕሊን እንዲጠናከር።" አሚን... ቀነስ ብሎ። "አራተኛ፣ የማረፊያው መስኮት እንዲስተካከል።" አቶ አብተው ብቻቸውን "አሚን!" አሉ። ቤቱ ሳቀ።

አምስተኛ አልነበረም። እዚያ ላይ ነው ወረቀቱ ያለቀው።

እማማ ኡሙሰልማ "ደግ ነው ልጄ" አሉ። "ይኼ የመንግሥት ሐጃ ነው፣ ለመንግሥት ያድርግለት። ያንተውስ?"

አፌን ከፈትኩ። ምንም። ሁለት መቶ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የተናገርኩ ሰውዬ... ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ያ ሁሉ ሰው ጠበቀኝ። ማንም "ጊዜ ስለሌለን አጠር አድርገው" አላለኝም።

"ልጅ" አልኩ። "ከተሾመች። ጉድለቱ ከእኔ ይመስለኛል፣ ፈርቼ ነው ሐኪም ጋ ያልሄድኩት። ልጅም ባይሆን... እሷ እንዳትሄድብኝ።"

ይህን ከተናገርኩ በኋላ እንባዬ መጣ። በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል። እማማ ምን ብለው እንደለመኑልኝ አላስታውስም። ቤቱ አሚን አለ፣ እጁን ዘርግቶ። እኔ ከመጋረጃው ማዶ አንድ ድምፅ ስፈልግ ነበር። የላሟን ባለቤት ሚስት ሰማሁ። የወታደሩን እናት ሰማሁ።

የተሾመችን አልሰማሁም።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ስነቃ የለችም። ነጠላዋ የለም፣ ጫማዋ የለም።

"ጎሕ ሲቀድ ወጣች" አሉ አቶ አብተው ከማዶ። "በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እንዳትነቃ።"

በፒጃማ ወጣሁ። ሐይቅ ከተማን ከዳር እስከ ዳር በፒጃማ ሮጥኩ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ። የደሴው አውቶቡስ ሊነሳ ነው። ገብቼ ወንበር ወንበሩን አየሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን። ረዳቱ "ጌታው፣ ለመሳፈር ነው ወይስ ለመተኛት?" አለኝ። የለችም። የመጀመሪያው ሄዷል አሉኝ። መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። አለቀ አልኩ።

ሻንጣዋ አልጋው ሥር እንዳለ ማየት ትዝ አላለኝም እኮ! ይህ ነው እንግዲህ የመዝገብ ቤት ኃላፊ።

ያገኘኝ ኑርዬ ነው። ጋቢውን አለበሰኝና "ባለቤትህ እማማ ጋ ናት" አለኝ። ስደርስ ከእማማ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ፒጃማዬን አየች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ለመሳቅ ይሁን ለማልቀስ አላውቅም።

"ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"የፊተኛውን ሐጃዬን ላስመልስ" አለች። "ትናንት አሚን ያላልኩት ለዚያ ነው። ሁለት የማይስማማ ነገር ተለምኖ በሁለቱም አሚን ልበል?"

ወደ እማማ ዞርኩ። "ይመለሳል?" አልኳቸው። "ማመልከቻ ካስፈለገ..."

"ሂድ ወዲያ!" አሉኝ። "አሏህ ቢሮ አለው እንዴ? ትናንት ያልከውን ሰምቷል። እሷም ሰምታለች። እሷን ጠይቃት።"

ጠየቅኋት። ቃሌን አላስታውስም፣ ብቻ "ሰኞ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ደሴ፣ አብረን" ማለቴን አውቃለሁ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሦስት ጊዜ ወንበር ላይ ያዋልኳት ሴት ናት፤ ቶሎ ብታምነኝ ነበር የሚገርመው።

"ከቀረህ ግን" አለች፣ "አራተኛ የለም።"

"የለም።"

"አሚን" አለች፣ ቀስ ብላ።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ደሴ። ሐኪም ቤት፣ ወረፋ ላይ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ለመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ልኬያለሁ፤ "አልመጣም፣ ጉዳይ አለኝ" ብዬ። ዛሬ ቃለ ጉባኤውን ማን እንደሚይዝ አላውቅም። ይያዙት።

ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ተሾመች እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ አላመነችኝም። እውነቷን ነው። ሁለተኛው ላይ የግቢው መውጫ ታይቶኝ ነበር... ልክድ አልችልም።

ነርሷ ወጣች። ስማችንን ጠራች። "ማነው የሚገባው?" አለች። ተሾመች ወደ እኔ አልዞረችም። ፊት ለፊቷን፣ ግድግዳውን እያየች ጠበቀች።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ደብተሩን ልስጣት፣ ገብቼ እስክወጣ ትያዝልኝ። ብታነበውም ታንብበው።