ምስር የምታህል ሰማይ

ልጄ ፀደንያዬ፣ ቁስቋም ማርያም ትጋርድሽ።

ሁለት የታመሙ የድመት ልጆች ከቦይ አንሥቼ ስገባ፣ አከራያችን እትዬ ሥርጉት «ልጇን ለሰው ሰጥታ ድመት ታሳድጋለች!» ብለው ሳቁብኝ።

መግል የደፈነውን ዓይናቸውን ለብ ባለ ውኃ አጠብሁ። ሞተች ያልኋት ትንሿ ድንገት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ሰማያዊ ነው! እግዚአብሔር ሰማይን በምስር ፍሬ ላይ እንዴት አሳረፈው?

ወንድሟን አንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ወሰደው። እሷን መሪጌታ ልዑልቃል «አይጥ የቅዳሴውን መገበሪያ ስንዴ ፈጀብን፤ ይህቺ ሸጋ ናት» ብለው በጋቢያቸው አቅፈዋት ሄዱ።

ያን ዓይን የከፈተ የታመመውን የአንቺንም ልብ ይጠግን። ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ።

ለእትዬ ሥርጉትም ነገርኋቸው፦ «ልጄን እንድትድን ባሕር ማዶ ወዳለችው አክስቷ ላክኋት እንጂ አልሰጠኋትም፤ ከእንግዲህ ይህን ቃል ከማንም አልቀበልም።»