«አትረብሹ» ብዬ የለጠፍኩት ወረቀት

ውድ እህቴ፣

ስልክሽ መዝገብ ላይ አለ። ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ነካክቼ ሳይጠራ ዘጋሁት። በአፌ ለማለት የፈራሁትን በወረቀት ልበልሽ። ስትወልጂ ጡት በማጥባት ልረዳሽ የተመደብኩት ሴት ነኝ፤ «የሆቴሏ» ያልሽኝ።

እውነትሽን ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ሥልጠናውን ወስጄ ወደ እናቶች ስመጣም ጠባዬን ይዤ መጣሁ። ሳላንኳኳ አልገባም። ትራስ አመቻቻለሁ፣ ውሃ እጃቸው የሚደርስበት አስቀምጣለሁ። ኃላፊያችን ሲስተር «ቁርስ በስንት ሰዓት ነው?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እናቶቹ ግን ይወዱኛል። ጉድ የሠራኝም ይኸው መወደድ ነው።

በወለድሽ በማግስቱ ጠዋት ስገባ አማትሽ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ወተት የላትም እኮ! ልጁን በረሃብ ልትፈጅብኝ ነው» አሉኝ። አንቺ ወደ ግድግዳው ዞርሽ። እሳቸውን በዘዴ አስወጥቼ «ሲጠባ ልየው?» ስልሽ፣ «ጠብቷል፣ ደህና ነው። እባክሽ ትንሽ ልተኛ» አልሽኝ። ዓይንሽ ደም መስሏል። «ጎበዝ፣ በደንብ ይዘሽዋል» አልኩሽ። ሲጠባ ግን አላየሁም። በርሽ ላይ «አትረብሹ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ሄድኩ። ነርሶቹም እሱን እያዩ አለፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎጣ ላደርስ ገባሁ። ሁለታችሁም ተኝታችኋል። ዳይፐሩን ነካሁት፤ ጠዋት የቀየርነው ነው፣ አሁንም ደረቅ። እግሩን ኮረኮርኩት፤ አልነቃም። ሳነሳው አንገቱ እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለ።

ባንነሽ «ምን ሆነ? ምን ሆነብኝ?» አልሽ።

«ሲስተር!» ብዬ ጮህኩ።

ሐኪሙ ስኳሩን ለክቶ «በጣም ወርዷል» አለ። ልጁን ይዘውት ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሮጡ። አንቺ በባዶ እግርሽ ተከተልሽ፤ በሩ ላይ «እናት አትገባም» ብለው መለሱሽ። አማትሽ ኮሪደሩ ላይ «አላልኩም?» ይላሉ። አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ ቀስ ብለሽ፣ «ጎበዝ ብለሽኝ ነበር እኮ» አልሽ።

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሆቴል ሳለሁ ምሳውን ሳይነካ የመለሰ እንግዳ ካለ ሄጄ «ምነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ለልጅሽ ግን ይህችኑ ነፈግሁት። እንግዳ መቀበል እሺ ማለት ብቻ መስሎኝ።

ሲስተርን እጇን ይዤ «ጠያቂ አይደለችም፣ እናቱ ናት! ወንበር ላስገባላት» አልኳት። በሩን ከፈተች። ግሉኮሱ በደም ሥሩ እየገባ፣ እኔና አንቺ ወተትሽን በእጅ መጭመቅ ጀመርን። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ አንዲት ቢጫ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ። በማንኪያ ከንፈሩ ላይ አደረግሽለት።

«ዋጠ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ዋጠ! ዋጠልሽ፣ እህቴ!»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አለቀሰ፤ ከዚያ ዩኒፎርሜን በሽንት አራሰው። ሲስተር እንኳ ሳቀች። አንቺ አልሳቅሽም። በአራተኛው ቀን ልጅሽን ታቅፈሽ ስትወጪም ቻው አላልሽኝም። አልፈርድብሽም።

ባለፈው ሳምንት ግን ፋይልሽን ገለጥኩት። «እናት ልጇን ለማጥባት ፈቃደኛ አልነበረችም» ይላል። ስትወጪ አማትሽ ባሉበት እንደተነበበ ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ወረቀቱን የለጠፍኩት፣ ሳላይ የወጣሁት እኔ መሆኔን ጽፌ ለሲስተር ሰጠኋት።

«ከሥራ ሊያስወጣሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ሰኞ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ካቆዩኝ፣ «ደህና ነው» የምትለኝን እናት ሁሉ «ደስ ይለኛል፣ ሲውጥ ልይና እሄዳለሁ» እላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለአማትሽ አንብቢላቸው። እማማ፣ ምራትዎ ወተት ነበራት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሌሊት ያልተኛች ሴት እንቅልፍ ለመነችኝ እንጂ ልጇን አልተወችም። ሳያይ የሄደው ሰው እኔ ነኝ።

ጥፋቱን በስሟ የፈረመች፣
ረዳትሽ የነበረችው