ከደጄ ስለተወሰደው መርዶ ነጋሪ

ለክቡር የአካባቢ ካሜራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በእርስዎ ሥር ቀን ከሌት ስልክ ሲመለከቱ ለሚውሉት ተረኞች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፈጣሪ ዓይንዎን ይጠብቅልኝ፤ ለሥራዎ ከሁሉ የሚያስፈልግዎ እርሱ ነውና። ስለ እኔ ጤንነት መጻፉ ሥራ ማብዛት ይሆንብኛል። ከቤት ስወጣና ስገባ፣ ደጄ ላይ ቆሜ ስስልም ጭምር በስልክዎ ስለሚያዩኝ፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

እኔ በፀዳ የምኖር ወልደኢየሱስ አላምረው የምባል ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬን በግንበኝነት የጨረስሁ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥሁ፣ ፊደልን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ በጆሮዬ የለቀምሁ ሰው ስለሆንሁ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ይታገሡኝ። የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ነው። በአዘዞ ቅመማ ቅመም የሚነግደው ጎረቤቴ ዐብዱልከሪም በጽሕፈት ቤትዎ ማረፊያ ክፍል ከተዘጋበት ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማሰፍረው ምስጋናና ቅሬታ ሁሉ ለዚህ አንድ ጥያቄ መንደርደሪያ ነው።

፩ኛ/ ስለ ካሜራው። ጽሕፈት ቤትዎ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ገመድ አልባ ካሜራ በበሩ ላይ እንዲሰቅል፣ ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር እንዲያገናኝና ምስሉን ለተረኛው ስልክ እንዲያጋራ ባዘዘ ጊዜ፣ ከሰፈሩ ቀድሜ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ሰው ከደጁ እየታፈነ የሚወሰድበት ዘመን ነውና ትእዛዙን ሸጋ ነገር አልሁት። ባለሙያም አልጠራሁም። መመሪያውን በመነጽር እያነበብሁ ካሜራውን በግንቡ ላይ በብሎን አሰርሁት። የዋይፋዩ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ሞገድ እንደሚረጭ፣ ካሜራው ግን ፍጥነቱ ዝግ ያለውን ብቻ እንደሚቀበል እስኪገባኝ ድረስ እምቢ ሲለኝ ዋለ። ግንቡን የገነባሁት ራሴ ነኝና ድንጋዩ ወፍራም ነው፤ ሞገዱን ስለከለከለብኝ መሣሪያውን ከመኝታ ክፍል አንሥቼ መስኮት ላይ አኖርሁት። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንም የይለፍ ቃል ለወጥሁ። በመጨረሻም በመመሪያዎ መሠረት፣ ከሁለት በላይ የሆኑ ሰዎች ሳያንኳኩ በሩ ላይ ቢቆዩ ማስጠንቀቂያው ወደ ተረኛዎ ስልክ እንዲሄድ አድርጌ አስተካከልሁ። ካሜራው እንደታዘዘው ይሠራል። በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

፪ኛ/ ስለ መስመሩ። ያንን የኢንተርኔት መስመር ያስገባችልኝ ልጄ ዝማሬ ናት። አዋላጅ ነርስ ሆና መካነ ብርሃን ስትመደብ፣ ፊቷን እያየሁ እንዳዋራት ብላ አስገብታልኝ ሄደች። ጥቂት እንደቆየች በዚያ በኩል ያለው ስልክ ሁሉ ተቋረጠ፤ ክረምቱን ሙሉ ድምፅዋን ሳልሰማ ወጣሁ። የደጄ ምስል ግን ከእርስዎ ዘንድ ለመድረስ አንድ ትንፋሽ አይፈጅበትም። አባት ከልጁ ሳይገናኝ የሚከርምበት፣ የግንብ በር ከጽሕፈት ቤት ጋር ሲነጋገር የሚያድርበት ብልሃት በአገራችን ስለተገኘ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

፫ኛ/ ስለ ተረኞችዎ ትጋት። ከእኔ ፊት ለፊት የምትኖረው ወይዘሮ የትነበርሽ ላሟ ከበረት ተፈትታ በተነዳች ጊዜ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ካሜራው አላየም፤ ተረኞችዎም አልመጡም። ምስል የሌለው ጉዳይ እንደማይመለከታቸው በትሕትና አስረድተዋታል። ሌቦቻችን መብራት ሲጠፋ፣ ሽማግሌዎቻችን ግን መብራት እያለ የሚወጡ መሆናቸው የእናንተ ጥፋት አይደለም።

፬ኛ/ ስለዚያ ማለዳ። ጎህ ሳይቀድ ሦስት ሰዎች ደጄ ደረሱ፤ ዐብዱልከሪም፣ የደብራችን መሪጌታ ዕንባቆምና የዕድራችን ዳኛ ኢዮስያስ። እኔ ተኝቻለሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ቆሙ እንጂ አላንኳኩም። ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት፤ ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት በዚያ አኳኋን በሰው ደጅ ሲቆሙ ምን ይዘው እንደሚመጡ የተማሩት በእናትዎ ጀርባ ታዝለው ሳሉ ነው። ስልኩ በባዕድ አገር ስለተሠራ አልፈርድበትም። የምፈርደው ስልኩን ይዞ በተቀመጠው የጎንደር ልጅ ላይ ነው።

በክስ ወረቀቱ ላይ «በር ላይ ቆመው በሹክሹክታ ሲመካከሩ ነበር» ተብሏል። እውነት ነው፤ ተመካክረዋል። ካሜራው ድምፅም ስለሚቀዳ ምክክራቸውን በውስጡ ካለው የመቅጃ ካርድ ላይ ሰምቼ ቃል በቃል ገልብጬልዎታለሁ።

ኢዮስያስ፦ «መሪጌታ፣ እርስዎ ይቅደሙ። የቃል ሰው እርስዎ ነዎት።»

ዕንባቆም፦ «እኔን በዚህ ሰዓት ካየ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ያውቀዋል። ዐብዱልከሪም ይግባ፤ በርበሬ ያመጣለት ይመስለዋል።»

ዐብዱልከሪም፦ «ምነው መሪጌታ፣ ጎህ ሳይቀድ በርበሬ የሚያዞር ነጋዴ የት አይተው ያውቃሉ?»

ኢዮስያስ፦ «ማንም ቢያንኳኳ መች ይከፍታል። ማነህ፣ የማን ነህ፣ ማን ላከህ ነው የሚለው። መልአከ ሞት ራሱ ቢመጣበት፣ የተላክህበትን ደብዳቤ አሳየኝ የሚል ሰው ነው።»

ዕንባቆም፦ «ቀስ በል አንተ፤ ጆሮው ስል ነው።»

ዐብዱልከሪም፦ «በሉ አያ ወልዴን አንቀስቅሳቸው፤ ይንጋላቸው። ይችን ታህል ይተኙ። ከዛሬ ወዲያ እንቅልፍ የላቸውም።»

ስለ እኔ የተባለውን አልክድም፤ እንዲያ ነኝ። ክቡርነትዎ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው የመጨረሻውን ቃል ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች በብርድ የቆሙበትና ስልክዎ እንደ ወንጀል የቆጠረው ጊዜ፣ ለእኔ የሰጡኝ እንቅልፍ ነበር።

ከዚያ መኪናዎ መጣ። ተረኛው እዚህ ምን ትሠራላችሁ ብሎ ጮኾ ሲጠይቅ ዐብዱልከሪም ምን ብሎ እንደመለሰም ተቀድቷል፤ «ወንድሜ፣ ድምፅህን ቀንስልኝ። ወደ ፈለግህበት ውሰደኝ፣ እዚያ እናገራለሁ። እዚህ ደጅ ላይ ግን አልናገርም» ነው ያለው። በክስ ወረቀቱ ላይ ይህ «ለመናገር ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ተጽፏል። ከግንቡ ወዲያ የተኛው አባት የልጁን ሞት በተረኛ ጩኸት እንዳይሰማ ብሎ ራሱን አስያዘ። ወረቀትዎ ይህን የሚጽፍበት ቦታ እንደሌለው አይቻለሁ።

፭ኛ/ ስለ ቦርሳው። ዐብዱልከሪም በነጠላው ሥር የሴት ልብስና የአንዲት ወጣት መታወቂያ ያለበት ቦርሳ ይዞ ተገኝቷል። ቦርሳው የዝማሬ ነው። ዐብዱልከሪም በሰጠው ቃል ላይ እንደሰፈረው፣ ከመካነ ብርሃን የመጣ ሾፌር ለአባቷ አድርስ ብሎ በሱቁ ሰጥቶት፣ የሆነውንም ለእርሱ ብቻ ነግሮት ተመልሷል። ተረኞችዎ ግን የሴት ቦርሳ የያዘ ሽማግሌ በሰው ደጅ ሲቆም ሲያዩ፣ ልጂቱን አፍኖ ቤዛ ሊጠይቅ የመጣ ነው አሉ። በእውነተኛ አፋኝ ላይ ይህን ያህል ፈጣን ሆነው አይቻቸው አላውቅምና፣ ልምምዱ በጎረቤቴ ስለተጀመረ አመሰግናለሁ።

፮ኛ/ ስለ ጠረጴዛው። ማለዳ ስነሣ የሦስቱን መያዝ በስልኬ አየሁ። የነጠላቸውን አለባበስ ሳይ ከእኔ ወገን ሰው እንደሞተ አወቅሁ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ነጠላዬን ሳልደርብ ከጽሕፈት ቤትዎ ደረስሁ። ተረኛው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ዝማሬ የምትባል ልጅ አለችዎ? ሞታለች ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስድሳ ዓመት ያህል የሰው ለቅሶ ደርሻለሁ፤ መርዶ በጥያቄ ሲቀርብ ያን ዕለት ገና ሰማሁ። ቀጥሎም የሞቷን ማረጋገጫ ወረቀት ዘርግቶ፣ ከፈረሙ ሰውየው ይለቀቃል፣ ካልፈረሙ ግን አፋኝ እንደሆነ ይቆያል አለኝ።

አልፈረምሁም። ማንም ያልነገረኝን አልፈርምም፤ ሊነግረኝ የመጣውን ሰው አምጡልኝ ብዬ ወጣሁ። መሪጌታና ኢዮስያስ ዳግመኛ በማንም ደጅ ተሰብስበው እንዳይቆሙ ፈርመው ሲለቀቁ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ሦስት ሆናችሁ መጥታችሁ ነበር፣ ሦስት ሆናችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ከደጅ መለስኋቸው። እነርሱም መሞቷን እንጂ እንዴት እንደሞተች አያውቁም፤ ከዐብዱልከሪም አፍ አብረን እንሰማለን ብለው ነበር የመጡት። እንዲህ ሆኖ ልጄ በሰው አፈር ተቀብራ፣ እኔ ሳልነገር፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ግትርነት ነው ካሉኝ አይሳሳቱም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጥር የለውም።

የዐብዱልከሪም ባለቤት ሸምሲያ በየማለዳው ምግብና የስኳር መድኃኒቱን ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስትሄድ በደጄ ታልፋለች። ታውቃለች፤ ግን መናገሩ የእርሷ አይደለምና አንገቷን ደፍታ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ወቅሳኝም አታውቅም። ትናንት አስቆምኋት።

«እንዴት አደረ?» አልኋት።

«ይመስገነው አያ ወልዴ። አደራ እንዳይፈርሙ ብሏል። የልጃቸውን መርዶ የጽሕፈት ቤት ወረቀት አያደርጉትም፤ እኔው ወጥቼ እነግራቸዋለሁ፣ ይጠብቁኝ ብሏል።»

«ስኳሩ የሚያሳብጠው እግሩስ?»

«አብጧል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ጫማው እምቢ ብሎታል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ አያ። ሁለታችሁም ግንብ ናችሁ። እኔ በመሐል እመላለሳለሁ።»

ይህን ብላ ሳህኗን ይዛ ሄደች። እኔም ወደ ቤት ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ። አንድ ሰው የእኔን ልብ ለመጠበቅ ብሎ እግሩ እያበጠ ሲቀመጥ፣ እኔ ወግ ጠበቅሁ ብዬ በርጩማ ላይ መቀመጤ ወግ ሆኖ አልታየኝም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በአገራችን አባት የልጁን መርዶ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ እኔ ግን ለእርስዎና ይህን ለሚያነብ ሁሉ እናገራለሁ። ዝማሬ ወልደኢየሱስ ልጄ ናት። ሞታለች። ቦርሳው የእርሷ ነው፤ በውስጡ ያለው በክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ የመካነ ብርሃንን ብርድ ፈርቼ የገዛሁላት ነው። ዐብዱልከሪም አፋኝ አይደለም፤ መርዶ ነጋሪዬ ነው። የፈለጋችሁትን ወረቀት ፈርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከእኔ የምትፈልጉት ሌላ ነገር የለም፤ አሁን ልቀቁት።

በተለቀቀ ማግሥት ሦስቱ ጎህ ሳይቀድ ደጄ ይመጣሉ። ያንኳኳሉ፣ ማነህ ሳልል እከፍታለሁ፤ እነርሱም እንዳልሰማሁ አድርገው ይነግሩኛል፤ እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማለሁ። ያን ማለዳ የካሜራውን ሶኬት እነቅላለሁ። ይህን የጻፍሁት ለማሳወቅ እንጂ ለማስፈቀድ አይደለም።

ለሕዝብ ደኅንነት እንቅልፍ ያጡ ተረኞችዎን እያመሰገንሁ፣ እርስዎም በቤትዎ ክፉ ነገር ሲደርስ የሚቀሰቅስዎ ስልክ ሳይሆን ሰው እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ግንበኛ ወልደኢየሱስ አላምረው
የዝማሬ አባት
ፀዳ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለፀዳ ነዋሪዎች በሙሉ
ለዕድራችን
ለወይዘሮ ሸምሲያ፣ መፈረሜን ለባሏ እንድትነግርልኝ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ባያያዝሁት ወረቀት ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ተረኛዎ ሳይሞላ አልቀበልም ቢል እንዳይቆጡት። ባዶውን የተውሁት ስለማላውቅ ነው። የሚያውቀው ሰው እናንተ ክፍል ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።