ወደቀ ሲሉኝ ጎመን ጣድኩ

ታዴ፣ ዓለሜ፣

ከተለያየን ዓመት ሞላን። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስምህ ተጠርቶ ተጸለየ፤ ሰዉም "በርቺ" እያለኝ ተበተነ። ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር አይኖርም ብዬ ነበር። በአንተ ከደነገጥኩ በኋላ ምን ይመጣል? አልኩ። መጣ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፣ ስከፍት ፍራንዝ ቆሟል። አዎ፣ ያንተው ፍራንዝ! ከኦስትሪያ ተነስቶ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ድረስ፣ በሰኔ ፀሐይ አንገቱ ላይ የእግር ኳስ ክለቡን አረንጓዴና ነጭ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ። 

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ፤ አንተም ከሥራ ስትገባ የቤቱን ነበር የምታስቀድመው። ልጅህ ሊያ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለሷን አልተወችም፤ "ኦኬ፣ ማም" ትለኛለች፤ እኔም ማም የምትባለዋን ሴትዮ ቀስ በቀስ ለመድኳት። መኪናውን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። መንዳቱስ ሆነልኝ፣ ፓርክ ማድረግ ነው ያቃተኝ። ለገበያ ኮሎምቢያ ሲቲ ድረስ ሄጄ በሁለት መኪኖች መሀል መግባት ሲያስፈራኝ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ወንበርህ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። አትቀመጡበት አላልኩም፤ ሰዉ ራሱ እየዘለለው ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

አንተን ሳገባ ክለቡንም አብሬ እንዳገባሁ ማንም አልነገረኝም። በንጉሡ ዘመን ለመካኒክነት ሥልጠና ተልከህ፣ ወንዝ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ የኦስትሪያ ከተማ ወረቀት ፋብሪካ ገባህ። ፍራንዝ ከአጠገብህ ባለው ማሽን ነበር የሚሠራው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳ ወሰደህ፤ በቃ፣ ያን ቀን ተያዝክ። ክለቡን የመሠረቱት የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ወንዙ ሲሞላ ሜዳው በውሃ ይዋጣል፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በባልዲ ይጠርጉታል። ግብ ጠባቂው ጠዋት ጠዋት ፖስታ ያድላል። እነዚህ ሰዎች አንተ እዚያው እያለህ ከሁለተኛው ምድብ ወደ አንደኛው አለፉ፣ ከቪየና ትልልቆቹ ጋር! እዚያ የቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። አንተ ስታወራው ግን ዕድሜ ልካቸውን እዚያ የኖሩ ይመስል ነበር። ከቪየናዎቹ አንዱን በጭቃ ላይ ያሸነፉበትን ቀን ከመስማቴ ብዛት፣ ያ ጭቃ ቀሚሴን ያቆሸሸው ይመስለኛል።

ከዚያ ወረዱ፣ ደግሞም ወረዱ። የተጋባን ዓመት ወደ ላይ ተመለሱ፤ አንተም ገዴ ነሽ አልከኝ። ሊያ የተወለደች ዓመት እንደገና ወረዱ፤ ልጅቷን ታቅፈህ ይቅርታ ጠየቅካት። ካርቱም ሳለን ወሬው ተቋረጠብህ። ሲያትል እንደገባን፣ ገና ድስት እንኳ ሳይኖረን፣ ስልክ አስገባህ። ፍራንዝም ያመለጠህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረህ። ስልኩን ዘጋህና ፊትህን አጥቁረህ "ብርቄ፣ ሦስተኛ ምድብ ነን" አልከኝ። እኔ የስደተኛ ወረቀታችን ነገር መስሎኝ ክው አልኩ።

አሜሪካኖቹ ኳስ የሚሉት በእጅ የሚያዘውን ስለሆነ፣ እዚህ የምታወራው ሰው አልነበረህም። ስለዚህ ለእኔና ለዘለቀ አወራህ። ዘለቀ አንድም ጨዋታ ሳያይ፣ ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ከአንተ ጎን ሆኖ ሊጥ እየገፋ፣ ደጋፊ ሆነ።

ነገሩ ሁሉ የዞረው በአንድ ቃል ነው፣ ታዴ። ሌላው ሰው ስለ ክለብ ሲያወራ "ወረደ" ይላል። አንተ አልወደድከውም። ወረደ ማለት ደረጃ ይዞ በእግሩ እንደ ወረደ ሰው ነው፤ ይህ ግን ተጎድቷል፣ ስለዚህ "ወደቀ" ነው የሚባለው አልክ። ወደ ላይ ሲያልፍ ደግሞ "ተነሳ"። እኔንም ዘለቀንም ሊያንም አስለመድከን። ለፍራንዝ እንኳ ሁለቱን ቃላት አስተምረኸው ነበር። ሲወድቅ ጎመን እንበላለን፣ ሲነሳ ክትፎ። ይህን ሕግ ያወጣህ አንተ ነህ፤ ጎመኑን የምቀቅለው እኔ።

የዛሬ ዓመት፣ ያን ቅዳሜ፣ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ነበር። ከተሸነፉ ይወድቃሉ። አንተ የጠዋት ተራ ወጣብህ፤ ፍራንዝ እዚያ እንዲደውልልህ የዳቦ ፋብሪካውን ቢሮ ስልክ ሰጥተኸው፣ ውጤቱን እንደሰማህ እንደምትነግረኝ ቃል ገብተህልኝ ወጣህ። ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሮጬ አነሳሁት። ዘለቀ ነው። 

"ብርቄ፣ እንዳትደነግጪ" አለኝ። "ወደቀ።"

እኔ ምን ልበል? ሳቅኩ! "ምን ያስደነግጠኛል፣ ለምዶበታል፣ ይነሳል። ጎመን ልጥድ ነው በለው" አልኩት።  ዘለቀ "ኦኬ" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ጎመኑን ከተፍኩ። ጣድኩ። ከሥራ ስትመጣ እንዴት እንደማበሽቅህ እያሰብኩ ሽንኩርት አቁላላሁ። በሩ ሲንኳኳ የከፈትኩት ማማሰያውን እንደያዝኩ ነው። ዘለቀ፣ ሚስቱ አስቴርና ፓስተሩ ተደርድረው ቆመዋል። ዘለቀ የሥራ ልብሱን አላወለቀም፣ ዱቄት በዱቄት ነው። ፊታቸውን ሳይ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ማን እንደወደቀ ያን ጊዜ ገባኝ። ማሽኑ አጠገብ ተዝለፍልፈህ ቀርተሃል፤ አምቡላንሱ ሲደርስ አልነበርክም። ልብ ነው አሉ። ያቺ ጎመን አረረች። አስቴር ናት ሄዳ ያጠፋችው። ዘለቀ እስከ ዛሬ ስለዚያች ስልክ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ በድንጋጤ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎት ነበር። አልሳትኩም። እያንዳንዷን ቃል በደንብ ሰምቼ፣ በደንብ ነው የሳቅኩት። የባሏን ሞት ሰምታ የሳቀች ሴት በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ስደነግጥ ኖርኩ።

በዚያው ዕለት፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም፣ እኔ አነሳሁት። ፍራንዝ ነበር። "ኖ ወደቀ! ኖ ወደቀ!" እያለ ይጮሃል። በመጨረሻው ደቂቃ አግብተው ተርፈዋል። ቢሮ ደውሎ የሚያነሳ ስላጣ ነው ቤት የደወለው። ከዚያ "ታዴ? ታዴ?" ይለኝ ጀመር፣ እንዳገናኘው። የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? "ታዴ ሊትል ሲክ" አልኩት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደግ አደረግሽ ነው። የእኛ ሰው ቢሆን "ትንሽ አሞታል" ስለው፣ እዚያው ስልኩን እንደያዘ ባለቀሰ ነበር። ማነው ትንሽ አሞት በስልክ የሚነገርለት? ከዚያ የቅርብ ሰው ቤቱ ሄዶ አጠገቡ ተቀምጦ ይነግረዋል። ፍራንዝ ጋ ግን ማን ይሂድ? ለገና ሲደውል አልተሻለውም ለማለት "ስቲል ሲክ" አልኩት። ለፋሲካ "ቬሪ ሲክ" አልኩት። በእኛ ሥርዓት ሦስት ጊዜ ያረዳሁት ያህል ነው። እሱ ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ፣ ሾርባም ይጠጣ አለኝ።

እንዲህ ሆነን ነው ማክሰኞ የደረሰው። በሩን ስከፍት በየቤቱ እየዞሩ ከሚሰብኩት አንዱ መስሎኝ "ኖ፣ ታንክዩ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሻርፑን ሳይ ነው ያወቅኩት። በፎቶ ከማውቀው አርጅቷል፣ ጠጉሩ አልቋል። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። በሹክሹክታ ሰላም አለኝ፤ የታመመ ሰው እንዳይቀሰቅስ መሆኑ ነው። በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ገብቶ፣ ምኑን ያውቃል፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጠ። ዓመት ሙሉ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ተንቋቋ።

ለሊያ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ቀስ እያለ ነገራት። እኔ ግማሹን ያዝኩ። ድሮ ፋብሪካ እያላችሁ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ክለቡ ከአንደኛው ምድብ ወደቀ። አንተ ሠራተኛውን ሁሉ ወሬውን ማንም እንዳይልክበት ከልክለህ፣ ፍራፍሬ ይዘህ ሄድክ። አልጋው ጎን ተቀምጠህ ስለ እግሩ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ምግቡ ጠይቀህ ስታበቃ ነው የነገርከው። በእኛ አገር ክፉ ነገር ሰው ይዞት ይመጣል እንጂ ብቻውን አይላክም አልከው። ዕድሜ ልኩን ስቆበታል። ዘንድሮ ግን ክለቡ ፍራንዝ በሕይወቱ አይቶት ወደማያውቀው ምድብ ወድቋል፤ አንተ ደግሞ በጣም ታመሃል። ይህን በስልክ ልነግረው አልችልም ብሎ፣ በዚያ ዕድሜው ውቅያኖስ ተሻገረ።

ሊያ ዞራ አየችኝ። ለዓመታት በአማርኛ አልመልስ ያለችኝ ልጅ በአማርኛ "እማዬ፣ አባዬን ሊያረዳው ነው የመጣው" አለች። ማርዳት የሚለውን ቃል ከየት አመጣችው? ባለፈው ዓመት፣ ከዚሁ ቤት ነዋ።

 ሰው ሲሞት እዚህ ሁሉም የሚለውን "ፓስድ አዌይ" አውቀዋለሁ፣ ግን ያ ቃል አፌ ላይ አልገባ አለኝ፤ ስላንተ የሚያወራ አይመስለኝም። ፊቱ ተንበርክኬ እጁን ያዝኩና፣ ሳላስበው፣ "ፍራንዝ፣ ወደቀ" አልኩት።

ፍራንዝ አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ። "ያ፣ ያ። ወደቀ" አለኝ፤ በጀርመንኛ አዎ ማለቱ ነው። እጄን ቸብ ቸብ አደረገው፣ ሊያጽናናኝ። ቀድሜ የሰማሁ መስሎት ነው፣ ስለ ክለቡ! "ተነሳ፣ ተነሳ" አለኝ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ ይነሳል ለማለት።

ታዴ፣ ያኔ የደነገጥኩትን ድንጋጤ በምን ልንገርህ። ራሴን ነው ያየሁት። ስልክ ይዤ፣ ጎመን ልጥድ ነው ስል። ዘለቀ በዚያኛው ጫፍ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እንደ ዘለቀ "ኦኬ" ብዬ ብተወው ደግሞ፣ ይህ ሽማግሌ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ እስክትነቃ ሊጠብቅህ ነው።

"ሞተ" አልኩት። ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ "አረፈ" እላለሁ፣ "ሄደ" እላለሁ፣ "ጌታ ወሰደው" እላለሁ። "ታዴ ሞተ። ዳይ። ታዴ ዳይ።" ሊያ ጮክ ብላ አለቀሰች። ፍራንዝ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ተነሳ፣ የተቀመጠበትን ወንበር ዞሮ አየው፣ የማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት የገባው ይመስለኛል። ሻርፑን ከአንገቱ ፈታና ፊቱን ሸፈነበት። ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን። እንደዚያ አልቅሼልህ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ዘለቀ መቃብርህ ጋ ወሰደው። የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔ ግን ከዘለቀ ሰምቼ ነው። ሣሩ ላይ ተቀምጦ በጀርመንኛ ብዙ አወራልህ አሉ፤ ዘለቀ ምንም አልገባውም። መጨረሻ ላይ ግን "ወደቀ" ሲል ሰማው። አርድቶሃል። እንዳስተማርከው፣ ራሱ ይዞት መጥቶ፣ አጠገብህ ተቀምጦ።

ማታ እራት ላይ ጎመን ሠራሁ። ካረረችው ወዲህ ጎመን እዚህ ቤት ተቀቅሎ አያውቅም ነበር። ፍራንዝ ሕጉን ስለሚያውቅ እስከ መጨረሻው በላ፣ ሊያም በላች። ሻርፑን ለእሷ ትቶላት ቅዳሜ ሄደ። ወንበርህ ላይ አሁን ሊያ ትቀመጥበታለች፤ አልከለከልኳትም።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፣ ሁሉም ይለዋል። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ክለቡ ይውደቅም ይነሳም፣ ጎመኑንም ክትፎውንም እኔ እሠራለሁ። ፍራንዝ በየሰኔው ይደውላል፣ ስልኩን የማነሳውም እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ፣ ዓለሜ። ከእንግዲህ ማንም ይሁን ደውሎ "ወደቀ" ካለኝ፣ ድስቱን ከመጣዴ በፊት፣ ከመሳቄም በፊት፣ "ማን?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ያንተው ብርቄ